የይታየውን ስመ ክርስትና ፍለጋ

ዘመኑ ሁለት ሺህ ዐሥራ ሰባት ነው፤ እኔ ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው መንገድ የሚወጣው ለጠበል ወይም ለሐኪም ነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ይዤ ከዘንገና ዳንግላ ወረድሁ። ሩቅ አገር አይደለም። መንገዱ ክፍት ከሆነና መኪና ከተገኘ ጠዋት ሄዶ ማታ የሚገባበት ነው። ያየሁትን በየደረስሁበት እጽፋለሁ ብዬ ደብተር ይዤ ወጣሁ።

ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። ፊደል የቆጠርሁት በስድሳ ዓመቴ ነው። ያስቆጠረኝም ይህን የምጽፍለት ልጅ ነው።

ዓርብ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘንገና

ኅዳር ነው። ውርጩ ሜዳውን ጨው የነሰነሱበት አስመስሎታል። ገብሱ ታጭዶ ተከምሯል። ከዘንገና ሐይቅ ላይ ጉም እየተነሣ ዛፉን ይሸፍናል፣ መልሶ ይገልጠዋል። ጋቢዬን ደርቤ፣ ዱላዬን ይዤ፣ ሁለት የተቀቀለ ድንች ኪሴ ከትቼ በቀርቀሃው አጥር ሥር ወጣሁ። ባለቤቴ ከደጅ ቆማ በስልክ ብጠይቅ ምን እንዳለበት ነገረችኝ። የስልክ ነገር አይደለም አልኋት። ዕድሜህን ሁሉ በግትርነት ጨረስኸው አለችና ገባች። እውነቷን ነው።

የሐይቁን አፋፍ ይዤ ስሄድ ይታየው ድንጋይ የሚወረውርበት ቦታ ላይ ቆምሁ። ልጅ ሆኖ ከዚህ ቆሞ ይወረውራል፣ ከዚያ ጆሮውን ያቆማል። ሐይቁ መጨረሻ የለውም ሲባል ሰምቶ ድንጋዩ ወለሉን ሲመታ ልሰማ ነው ይለኛል። ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ረጅም ሰዓት። እኔ በሬ ጠፍቶኝ እጣራለሁ፤ እሱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ ዝም በሉ ይለኛል።

ይታየው የክርስትና ልጄ ነው። እናቱ የሻረግ ያኔ ጎረቤታችን ነበረች። ባሏ ሲሞትባት ወደ አዲስ ቅዳም ወረደች፤ ልጁ ትምህርቱን ኮሶበር ይጨርስ ብላ እኔ ዘንድ ተወችው። ስድስት ዓመት ከቤቴ ኖረ። ማታ ማታ ከጭድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በከሰል ፊደል ይጽፍልኛል። ሀን ጨረስሁ ስል ሐን አመጣ፤ ሐን ያዝሁ ስል ኀን አመጣ። ሦስት ሀ ምን ያደርግልኛል፣ አንዱ ይበቃኛል ብዬ አሻፈረኝ አልሁ። «በሬም አንድ ይበቃዎታላ» አለኝ። አንድ በሬ ጠምዶ የሚያርስ የለም። አፉ እንዲህ ነበር።

ዐሥራ ሁለተኛን ጨረሰ፤ ውጤት አልመጣለትም። ወታደርነት ተመዘገበ። እኔ አልወደድሁም። መሬት አለ፣ ለከሰል የሚሆን ደከረንስ ዛፍ አለ፣ ምን ጎደለህ አልሁት። እሱም ግትር ነው፤ ከማን እንደተማረው አላውቅም። በሄደበት ጠዋት ከበረት ሳልወጣ ቀረሁ። ገብቶ ጉልበቴን ሳመ። እኔ ለበሬዎቹ ድርቆሽ እጥል ነበር፤ ቀና አላልሁም። በኋላ ከጦር ሰፈሩ ይደውላል። ኔትዎርክ ያለው ከጉብታ ላይ ነው ይላል። ስለ ጦርነት አንድ ቃል አይነግረኝም፤ ገብሱ አሸተ ወይ፣ ጥቁሯ ፈረስ ወለደች ወይ፣ እሱን ነው የሚጠይቀኝ።

በሁለተኛው ዓመት ግንባር ላይ ወደቀ። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር። አስከሬኑ አልመጣም፤ እዚያው ከጓዶቹ ጋር ተቀበረ። አስከሬን ከሌለ ቄሱ የሚፈታው ስሙን ይዞ ነው።

ስሙ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ ያለው። ስመ ክርስትና በኛ ሰፈር ያኔ ይደበቅ ነበር። ጠላት ስሙን ይዞ ድግምት እንዳያስደርግበት ይፈራል። የሚያውቁት ያጠመቀው ቄስና የክርስትና አባቱ ናቸው፤ ለእናት እንኳ አይነገርም። የለቅሶው ቀን ቄሱ ስመ ክርስትናው ማነው ብለው ሲጠይቁ የሻረግ በእንባዋ መሐል እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ነው። ወልደ ሚካኤል አልሁ፣ ሳላመነታ። በወልደ ሚካኤል ተፈታ። አርባውም፣ ሙት ዓመቱም በወልደ ሚካኤል ወጣ።

ባለፈው ሳምንት ሙሉቀን ቤቴ መጣ። ሙሉቀን ሚኒባስ ይነዳል፤ እሱም የክርስትና ልጄ ነው። በጥር በተክሊል ሊያገባ ነውና የንስሐ አባቱ ስመ ክርስትናህን አምጣ ብለውታል። እናቱ ሞታለች፤ የሚያውቅ እኔ ብቻ ነኝ። «ያንተማ ወልደ ሚካኤል ነው» አልሁት። ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሳያልቅ በለቅሶው ለይታየው የሰጠሁት ስም ይኸው መሆኑ ትዝ አለኝ።

ሁለቱን ልጆች ያስነሣሁት በአንድ ቀን ነው። ክረምት ነበር። የሙሉቀን ክርስትና አባት የሚሆነው ሰው ወንዝ ሞልቶበት ሳይደርስ ቀረ። መምሬ አለማየሁ ይህንንም ያዝ አሉኝና አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ ታቀፍሁ። ሁለት ስም ተሰጠኝ፤ ወልደ ሚካኤልና ኃይለ ጊዮርጊስ። ሁለቱንም እስከ ዛሬ አልረሳኋቸውም። ግን በመሐል እጄ ዝሎ ልጆቹን አቀያይሬያቸዋለሁ። ለለቅሶው የመለስሁት ሳላስብ ነው፤ ለሙሉቀንም የመለስሁት ሳላስብ ነው። የትኛው አፌ ነው የሚታመን? የሚያውቁት መምሬ አለማየሁ ናቸው፤ እርሳቸው ደግሞ አርጅተው ዳንግላ ከልጃቸው ዘንድ ገብተዋል። ስልክ ቢሰጧቸው አይሰሙም።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ኮሶበር

መንግሥት እንጅባራ ይላታል፤ እኔ ኮሶበር ብዬ ነው የማውቃት። ብርዱ ያው ነው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ይሮጣሉ። ባጃጁ እንደ ተርብ ይዞራል። ከመናኸሪያው በር ሻይ ጠጣሁ፤ ዐሥራ አምስት ብር፤ ብርጭቆው ከጣቴ አይወፍርም። ሴትዮዋን ይህ ለዓይን ነው ወይስ ለሆድ ብላት፣ ለእጅ ማሞቂያ ነው አባቴ አለችኝ።

ሙሉቀን የፊት ወንበር ይዞልኝ ቆየኝ። ለምን ዳንግላ እንደምወርድ አልነገርሁትም ነበር። መኪናው ሞልቶ ከከተማው ስንወጣ ነገርሁት፤ እንዳለ። መሪውን እንደያዘ ዞሮ አየኝ። መንገዱን እይ አልሁት።

«እንግዲህ እኔን ነው በቁሜ የፈታችሁኝ?» አለ።

«ሳይሆን አይቀርም።»

«አርባዬንም አውጥታችኋል?»

«ሙት ዓመትህንም።»

«ለካ ለዚህ ነው ሦስት ዓመት ሙሉ ጎማ የሚፈነዳብኝ።»

ከኋላ ዶሮ የታቀፈች አሮጊት ሰምታ ኖሮ የቁም ፍታት ዕድሜ ያስረዝማል፣ አትዘን ልጄ አለችው። ሌላው ተሳፋሪ ሹፌሩ የተፈታ ከሆነ ኪራዩ ይቀነስልን አለ። መኪናው ሁሉ ሳቀ። ሙሉቀንም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ዋጠና ዓይኑን መንገዱ ላይ ተከለ። እሱና ይታየው አንድ ክፍል ነው የተማሩት፤ የሰፈሩ ሰው ክርስትና መንታ ይላቸው ነበር። ወታደርነት የተመዘገቡትም አብረው ነው። ሙሉቀንን ጉልበቱን አይተው መለሱት።

«አባባ፣ የኔ ከሆነ ታዲያ ለእሱ ምን ተባለለት?» አለኝ በኋላ።

የምሄደው ለዚህ አይደል።

አዲስ ቅዳምን ስናልፍ

ከኮሶበር ወደ አዲስ ቅዳም ግራ ቀኙ ደከረንስ ነው። በልጅነቴ ይህ ሁሉ ገብስና የፈረስ መስክ ነበር። አሁን ሰው ዛፉን ይተክላል፣ አምስት ዓመት ይጠብቃል፣ ቆርጦ ያከስላል፣ መሬቱን መልሶ ያርሳል። ከየማሳው ጢስ ይወጣል፤ ሰማያዊ፣ ቀጭን። ከሰሉ በማዳበሪያ ጆንያ ተሞልቶ፣ አፉ በሣር ተደፍኖ በመንገዱ ዳር ተሰልፏል። ፊቱ የጠቆረ፣ ጥርሱ ብቻ የሚያበራ ሰው ከየጆንያው ሥር ብቅ ይላል።

የሻረግ ቤት ከአስፋልቱ ዳር ነው። የምትሸጠውም ከሰል ነው። ከሩቅ አየኋት፤ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ሰው ታነጋግራለች። አሁን ልታየኝ አልፈለግሁም። ከመምሬ ሳልሰማ ምን ብዬ እነግራታለሁ? ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ሳብሁ። ሙሉቀን ግን ሁልጊዜ እሷ ደጅ ሲደርስ ጥሩምባ ይነፋል፤ ልማዱ ነውና ነፋ። ቀና ብላ እጇን አነሣች፤ ለመኪናው። እኔን አላየችኝም። ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ከሴት ተደብቄ አላውቅም ነበር።

አምስት ሰዓት፣ ዳንግላ

ወደ ዳንግላ ሲወረድ ብርዱ ይለቅቃል። ጋቢዬን አጥፌ ትከሻዬ ላይ ጣልሁት። ከተማው ሜዳ ላይ የተዘረጋ ነው፤ ጋሪ፣ ባጃጅ፣ የሚያዛጉ ፈረሶች። የጋሪውን ፈረስ አየሁና አዘንሁ፤ ጎኑ አጥንት ነው። ባለቤቱን ፈረስህን አብላው እንጂ አልሁት። እርስዎ ይክፈሉና ላብላው አለኝ። በእግራችን ሄድን።

መምሬ አለማየሁ ከልጃቸው ግቢ ፀሐይ ላይ፣ ከበርጩማ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ነጭ ሆኗል። ሰላምታ ሳቀርብ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉና ቢተው ነህ አሉ፤ ድምፅህ አላረጀም፣ ፊትህን ግን እንኳን አላየሁት። ልጃቸው ቀድማ ምሳ አቀረበች፤ የድንች ወጥና ሽሮ፣ ዓርብ ነውና። ስንበላ ስለ ድሮው አወራን። ማን ሞተ፣ ማን አለ። የሞተው በዛ። ይታየው ማለቴን ሲሰሙ እጃቸውን ከገበታው አነሱ። ያ ቅዳሴ ላይ የሚያዛጋው ልጅ ነው ወይ አሉ። እሱ ነው አልሁ። ከግንባር አልተመለሰም አልሁ። ሰምቻለሁ አሉና መቁጠሪያቸውን ያዙ።

ነገሩን አስረዳኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው መቁጠሪያቸውን ቆጠሩ። ሙሉቀን አንቀላፉ ወይ ብሎ በዓይኑ ጠየቀኝ።

አላንቀላፉም። «ያለቀሰውን ኃይለ ጊዮርጊስ አልሁት» አሉ። «ውኃው ሲነካው ቤተ ክርስቲያኑን አናወጠው፤ ጉልበት አለው ብዬ ኃይለ አልሁት። የተኛውን ወልደ ሚካኤል አልሁት።»

«ያለቀሰው የማን ልጅ ነው?»

«በምን አውቄ። ዓይኔ መጽሐፉ ላይ ነው። ያቀፍህ አንተ አይደለህ?»

«አንዱ በዚህ ጆሮዬ፣ አንዱ በዚህ ጆሮዬ ነው፤ ልቅሶው ከየትኛው እንደወጣ እኔስ በምን ልለይ?»

ሳቁ፤ ጥርስ የላቸውም። እንዲህ ዓይነቱን እናት ታውቀዋለች አሉ። የሙሉቀን እናት የለችም። የቀረችው የሻረግ ናት። ከዚህች ሴት ሸሽቼ ዳንግላ ድረስ መጥቼ መልሰው ወደ እሷ ላኩኝ።

ተወው ቢተው፣ ለማን እንደተጸለየ እግዚአብሔር ያውቃል አሉኝ። ብዙ ሰው በዚህ ይጽናና ይሆናል። እኔ አልተጽናናሁም።

«የሚያውቅስ ከሆነ ስሙን ለምን ትጠይቁናላችሁ?» አልኋቸው።

ልጃቸው ደነገጠች። መምሬ ግን አልተቆጡም። እሱስ እውነት አለህ አሉ። ቆይተው፣ ሂድና ጠይቃት፤ ከፈራህም ፈርተህ ጠይቃት አሉኝ። ሙሉቀን ደግሞ ጎንበስ ብሎ በእኔ ስም ተጸልዮ ከሆነስ ምን ይሆናል አላቸው። ለሕያው የተጸለየ አይባክንም፣ አንተ ብቻ በፍጥነት አትንዳ ብለው በመስቀላቸው ግንባሩን ነኩት።

ዘጠኝ ሰዓት፣ አዲስ ቅዳም

ለመመለስ ተሳፋሪ ስንጠብቅ ቆየን። ሽንኩርት የጫነ ነጋዴ ሞላልን። ከየሻረግ ደጅ ሲቆም ሙሉቀን ጥሩምባውን አልነፋም።

ስታየኝ ተነሣች። «አበልጄ፣ በደህናዎ ነው?» አለችኝ። የልጇ ክርስትና አባት ነኝና ከይታየው ጠበል ጀምሮ አበልጄ ነው የምትለኝ። እጇን ታጠበች፤ ውኃው ጥቁር ሆኖ ወረደ። ገብስ ቆሎና ጠላ አቀረበች። ከግድግዳው ላይ ይታየው በወታደር ልብሱ አለ። ለፎቶው ብሎ ፊቱን አኮሳትሯል፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ፣ ካሜራው ሲወርድ የሚስቅ ነው። እሷ ስለ ከሰል ዋጋ መውረድ፣ ስለ ጉልበቷ ሕመም በአገውኛ ታወራኛለች። ከእኔ ጋር ብቻ ነው በአገውኛ የምታወራው፤ ጎረቤቶቿ የከተማ ሰዎች ናቸው።

«የሻረግ፣ ልጆቹ ክርስትና ሲነሡ ያለቀሰው የትኛው ነው?» አልኋት።

ምን ትዝ አለዎት ብላ ሳቀች። ከልቧ ሳቀች፤ ከልጁ ሞት ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አላየኋትም። የኔ ነዋ አለች። ውኃው ሲነካው ዲያቆኑ ሳይቀር ጆሮውን ያዘ አለች። የሙሉቀን እናት የኔስ እንደ ድንጋይ ተኝቷል ብላ እንደሳቀችባት ነገረችኝ። ከሴቶቹ በኩል ቆማ ልጁን ባታየውም ልቅሶውን ስትሰማ ጡቷ ከቀሚሷ አልፎ ፈሰሰ። «የሌላ ልጅ ቢያለቅስ ይፈስ ነበር?» አለች። ሙሉቀን ከመቃኑ ቆሞ ይሰማል። የሙሉቀንን ጉንጭ ቆንጠጥ አድርጋ አንተ እንቅልፋም አለችው።

ከዚያ ነገርኋት። ለማስረዘም ሞከርሁ፤ አይረዝምም። ይታየው ኃይለ ጊዮርጊስ ነው። ወልደ ሚካኤል ይህ የቆመው ነው። እኔ ነኝ ያሳሳትሁት።

ጠላውን ከእጇ አስቀመጠች። ፎቶውን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ።

«ይታየው አንድ ቀን እንኳ በስሙ አልተጠራም?»

«አልተጠራም።»

«በአርባው?»

«አልተጠራም።»

«እኔ ጠዋት ጠዋት በጸሎቴ የምለውስ?»

የምትለው የሙሉቀንን ስም ነበር። የሙሉቀንን ነው አልኋት።

«አንተ» አለችኝ። ሃያ አምስት ዓመት እርስዎ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። «አንተ፣ ያን ቀን አላውቅም ብትል ምን ትሆን ነበር?»

«ሰው ፊት ነበር» አልሁ።

«ሰው ፊት ነበር» አለች እሷም።

ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት የክርስትና ልጄን ስም አጣሁት ማለት አልሆነልኝም። ያችን አንድ ቃል እምቢ ብዬ ልጁን ያለ ስሙ አስቀረሁት።

ሙሉቀን ከእግሯ ሥር ተደፋ። እማ፣ እኔን ይቅር በይኝ፣ የሱን ጸሎት ወስጄበት ነው አለ። አንተ ምን አደረግህ ብላ አነሣችው። ለቆመ ልጅ ሦስት ዓመት በመጸለዬ አልጸጸትም፤ እንኳን ቆምህ አለችው። ከዚያ ወደ ጓዳ ገባች። ስትወጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

«ይታየው ዛሬ ሞተ በሉልኝ» አለች።

ከደጅ ወጥታ ጮኸች። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ ጎረቤቱ ከየሥራው ሮጦ መጣ፣ ፊታቸው በከሰል እንደጠቆረ። ማን ሞተ ይላሉ። ይታየው ትላለች። እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ አእምሮዋን የሳተች መሰላቸው። ያን ጊዜ ዝም ማለት እንደማይሆን አየሁ። ከግቢው መሐል ቆምሁና ለሁሉም ነገርሁ። ሳላውቅ አውቃለሁ ማለቴን፣ ለቅሶው ላይ የሌላ ስም መጥራቴን፣ አንዱንም ሳላስቀር። አንድ ሽማግሌ እንዴ አያ ቢተው አሉኝና አንገታቸውን ነቀነቁ። አንዲት ሴት ታዲያ ሦስት ዓመት ያለቀስነው ለማን ነው አለች። ለዚህ ለሹፌሩ ነው አለ አንዱ። ሳቅ አመለጠን፤ የሻረግንም አመለጣት። ሳቁ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ዞረ።

ያን ጊዜ፣ መርዶው የመጣ ቀን፣ ያለቀሰችው በአማርኛ ነበር፤ ሰው እንዲረዳላት። ዛሬ በአገውኛ አለቀሰች። ከግቢው ሰው አገውኛ የምንሰማው እኔና ሁለት አሮጊቶች ብቻ ነን። ከዘንገና ያለውን መስክ ጠራችው፣ ፈረሱን ጠራችው፣ በልጅነቱ በምትለው ቁልምጫ ጠራችው። ሌላው ቃሉን ባይሰማም አብሮ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። በመጀመሪያው ለቅሶ አላለቀስሁም ነበር፤ ድንኳን ስተክል፣ ሰው ሳስተናግድ ነው የዋልሁት።

ነገ በስሙ ይፈታልኛል አለች። ሙሉቀን ወደ ደብሩ ሄዶ ለቄሱ ነገረ። እኔ ከጎረቤት ቤት መደብ ላይ አደርሁ። እሷ አላናገረችኝም።

ቅዳሜ ጠዋት፣ አዲስ ቅዳም

የገበያ ቀን ነው። ገና ሳይነጋ አህያው፣ ጆንያው፣ የበግ ድምፁ መንገዱን ሞልቶታል። እኛ ከገበያተኛው በተቃራኒ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። የሻረግ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላዋ፣ እኔና ሙሉቀን መጨረሻ። መሄድ ይገባኝ እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ አትምጣ ያለኝ ግን የለም።

ቄሱ ጎልማሳ ናቸው። ከደጀ ሰላሙ ቆመው ስመ ክርስትናው አሉና ወደ እኔ ዞሩ፤ ደንቡ ነው፣ የክርስትና አባትን ነው የሚጠይቁ። አፌን ከፈትሁ። የሻረግ እጇን ዘረጋችና አስቆመችኝ።

«እኔ ነኝ የምጠራው» አለች። «ኃይለ ጊዮርጊስ።» ስሙን ከአፏ ስታወጣው የመጀመሪያዋ ነው። ደግማ ጠራችው።

ፍታቱ ተጀመረ። ጧፉ በራ፣ ጽናው ተወዛወዘ። እኔ ከወንዶቹ በኩል በዱላዬ ተደግፌ ቆሜያለሁ። ቄሱ ጥሩ ድምፅ አላቸው፤ ንባቡን እንደ ውኃ ያወርዱታል። እዚህ ደብር ያገለገሉት ሦስቱንም ዓመት ነው፣ የይታየውንም ሙት ዓመት የፈቱት እርሳቸው ናቸው። አፍ ደግሞ የለመደውን ይዞ ይሄዳል፤ እኔ ነኝ የማውቀው። ከስሙ ሲደርሱ «ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሚካ...» ብለው ጀመሩ። አጠገቤ ሙሉቀን የራሱን ስም ሰምቶ ክንዴን ያዘኝ።

በፍታት መሐል ሰው አይናገርም። እኔ ተናገርሁ።

«ኃይለ ጊዮርጊስ» አልሁ፣ ጮክ ብዬ።

ዲያቆኑ ዞረ። ሰው ሁሉ ዞረ። ቄሱ ንባባቸውን አቆሙና አዩኝ። እኔም አየኋቸው፤ ዓይኔን አልሰበርሁም። ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ከንባቡ ከፍ ብለው መልሰው ጀመሩና ኃይለ ጊዮርጊስ ብለው ጠሩት። ከዚያ በኋላ ስሙ በተነሣ ቁጥር ከመጽሐፉ ቀና ብለው ያዩኛል። እስከ መጨረሻው ሳልቀመጥ ቆምሁ።